ከማይ አ ኢሂ እስከ ሞን ቫንቱ

ኬንያ ሲባል የኛ ሰው ሐሳቡ የሚሮጠው ወደ አትሌቲክሱ ነው። በ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ናፍታሊ ቴሙ በ10 ሺህ ሜትር ማሞ ወልዴን ለጥቂት ቀድሞ ወርቁን ከወሰደበት ቀን ጀምሮ ኬንያ ለኢትዮጵያዊ የመም ላይ ባላንጣ ናት። በብስክሌት ስሟ የተነሳ አገር አልነበረችም። በናይሮቢ ዳርቻም ሆነ በገጠሩ ብስክሌት ማለት «ብላክ ማምባ» የሚሏት ከባድ፣ ጥቁር፣ ማርሽ የሌላት የሥራ መሣሪያ ናት። ወተት ትጭናለች፣ ከሰል ትጭናለች፣ ውኃ ታመላልሳለች። ዛሬ ምሥራቅ አፍሪካን ያጥለቀለቀው ቦዳ ቦዳም ሞተር ከመሆኑ በፊት በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር ሰው አፈናጥጣ የምታሻግር ብስክሌት ነበረች።

የዓለምን ትልቁን የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስን፣ አራት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ግን ከናይሮቢ ወጥቷል። ክሪስ ፍሩም ይባላል። ታሪኩን አብዝተው የሚተርኩት እንግሊዞች ስለሆኑ ትረካው የሚጀምረው ከመሃል፣ እሱ የእነሱን ባንዲራ ካነሳበት ጊዜ ነው። እኔ ግን ከናይሮቢ እጀምራለሁ። ፍሩምን ብስክሌተኛ ያደረገው ዴቪድ ኪንጃ የሚባል ኬንያዊ ነው፤ ያለ ኪንጃ ይህ ታሪክ አይኖርም።

ፍሩም የተወለደው ሜይ 20 ቀን 1985 ናይሮቢ ውስጥ ነው (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። የእናቱ ወላጆች ከእንግሊዝ ግሎስተርሺር ተነስተው ኬንያ ገብተው እርሻ የያዙ ሰዎች ነበሩ። አባቱ ክላይቭ በወጣትነቱ ለእንግሊዝ ከ19 ዓመት በታች የሆኪ ቡድን የተጫወተ ነጋዴ ነው። እናቱ ጄን ፊዚዮቴራፒስት ነበረች። ክሪስ የሦስት ወንድ ልጆች መጨረሻ ነው። ሁለቱ ታላላቆቹ እንግሊዝ አገር ወዳለው ስመ ጥሩ የራግቢ ትምህርት ቤት ተልከዋል። ወላጆቹ ሲለያዩ ትንሹ ልጅ ከእናቱ ጋር ናይሮቢ ቀረ። ጓደኞቹ ብስክሌቱና ሮኪና ሻንዲ የሚላቸው ሁለት ዘንዶዎች ነበሩ።

ኪንጃ በዚያን ጊዜ የኬንያ ብሔራዊ ቡድን ዋና ሰው ነበር። ፀጉሩን ድሬድ ያደረገ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ብስክሌት ከመጋለብ በላይ ብስክሌት መጠገን የሚወድ ሰው ነው። ቤቱ ከናይሮቢ ወጣ ብሎ በኪኩዩ ከተማ አጠገብ በምትገኝ ማይ አ ኢሂ በምትባል መንደር ውስጥ ነው። ቆርቆሮ ጣራ ያላት ትንሽ ቤት ናት። ለመንደሩ ልጆች ግን ትምህርት ቤትም፣ ጋራዥም፣ መጠለያም ሆና ቆይታለች። ከትምህርት ቤት የቀሩ፣ የሚሄዱበት ያጡ ልጆች ግቢው ውስጥ ይሰበሰባሉ። አንዱ ካቴና ያጥባል፣ ሌላው ጎማ ይለጥፋል፣ ሌላው ከሁለት ከተሰባበሩ ብስክሌቶች አንድ የሚሄድ ብስክሌት ያወጣል። መጋለብ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ስብስብ «ሳፋሪ ሲምባዝ» የሚል ስም ያዘ፤ አንበሶች ለማለት ነው።

ክሪስ 12 ዓመት ገደማ ሲሆነው እናቱ ከኪንጃ ጋር ተዋወቀች። በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ ልጄ ቤት ውስጥ ብቻውን እየዋለ ነው፣ ይዘህልኝ ውጣ አለችው። የናይሮቢ ነጮች አብዛኞቹ ረጅም አጥር፣ ዘበኛና ውሻ ባለበት ሰፈር የሚኖሩ ናቸው፤ ልጆቻቸው ወደ ጥቁሮች መንደር የሚወጡት በመኪና ለማለፍ ነው። ጄን ልጇን በብስክሌት አስወጣችው። እዚያ ቆርቆሮ ቤት ያድራል፣ ከልጆቹ ጋር ኡጋሊና ጎመን ይበላል፣ በስዋሂሊ ይጫወታል፣ እጁ ግራሶ እስኪሆን ይፈታታል፣ ይገጥማል። በኔ ዕይታ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የከበደውን ውሳኔ የወሰነችው ይህች እናት ናት። ያን ጊዜ ልጁ አንድ ቀን ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ማንም አልነበረም፤ ገንዘብም ዝናም የለበትም፤ ልጇን ለሰው አመነች፣ አበቃ።

የኪኩዩ ምድር ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ተነስቶ በሊሙሩ ገደል ወደ ስምጥ ሸለቆ፣ ወደ ማይ ማሂዩ የሚወርደው መንገድ ቁልቁል ሲሄዱበት የሚያስደስት፣ ሲመለሱበት የሚያስለቅስ ነው። ኪንጃ ልጆቹን የሚያሠለጥነው እዚያ ነበር። ክሪስ ከሁሉም ትንሽ፣ ከሁሉም ቀጫጫ ነበር። ኪንጃ በኋላ ላይ በተጠየቀ ቁጥር የሚናገረው ስለ ልጁ ፍጥነት አይደለም። በቃህ፣ ተመለስ ሲሉት የማይመለስ፣ ትልልቆቹ ጥለውት ሲሄዱ ከኋላ ብቻውን እየገፋ የሚደርስ ልጅ እንደነበር ነው። ከሱ የበረቱ ልጆች በዚያ ግቢ ውስጥ ነበሩ። ይህን አንባቢ ቢያስታውስልኝ ደስ ይለኛል፤ ታሪኩ ወደፊት ሲሄድ ያስፈልገናል።

በ14 ዓመቱ ክሪስ አባቱ ወዳለበት ወደ ደቡብ አፍሪካ ተላከ። ብሉምፎንቴን በሚገኘው ሴንት አንድሩስ፣ ቀጥሎም ጆሃንስበርግ በሚገኘው ሴንት ጆንስ ኮሌጅ ተማረ። ዕረፍት ሲደርስ ማይ አ ኢሂ ይመለሳል። ከዚያ በጆሃንስበርግ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ሁለት ዓመት ተምሮ ለብስክሌት ሲል አቋረጠው። ኪንጃም በነዚሁ ዓመታት ለአንድ የጣሊያን ፕሮፌሽናል ቡድን ለአጭር ጊዜ ፈርሞ አውሮፓን አይቶ ተመልሷል። በዚያ ዘመን ለጥቁር አፍሪካዊ ብስክሌተኛ ይህ ያልተለመደ ነገር ነበር። ግን ሙያው ወደሚገባው ቦታ ሳያደርሰው ቀረ፤ ወደ መንደሩ ልጆች ተመለሰ።

በማርች 2006 መምህርና ተማሪ አብረው የኬንያን ማልያ ለብሰው ሜልቦርን ታዩ። የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ነበር። ሜልቦርን ለኛም የምትታወቅ ከተማ ናት፤ ከ50 ዓመት በፊት፣ በ1956፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ያሰለፈችው እዚያ ነው። ፍሩም በክሮኖሜትር፣ ማለትም ብቻን ከሰዓት ጋር በሚደረገው ውድድር፣ 17ኛ ወጣ። በጎዳናው ውድድር 25ኛ ሆነ። ደረጃው ብዙ የሚያስወራ አይደለም። የእንግሊዙ የብስክሌት አለቃ ዴቭ ብሬልስፎርድ ግን ያለ በቂ መሣሪያ፣ ያለ አሠልጣኝ እንዲህ የሚነዳ ይህ ኬንያዊ ማን ነው ብሎ ስሙን ያዘ።

የዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ከ23 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና በሳልዝበርግ፣ ኦስትሪያ ተካሄደ። ፍሩም ለመወዳደር የአገሩ ፌዴሬሽን ሊመዘግበው ይገባል። መልስ አጣ። እሱም የፌዴሬሽኑን ፕሬዚዳንት የኢሜይል አድራሻ ከፍቶ በፕሬዚዳንቱ ስም ራሱን አስመዘገበ። ይህን በኋላ ራሱ በግልጽ ተናግሮታል። ሳልዝበርግ ብቻውን ደረሰ። የቡድን መሪዎች ስብሰባ ሲጠራ ኬንያን ወክሎ የገባው እሱ ነው፤ ተወዳዳሪውም፣ ቡድን መሪውም፣ መካኒኩም አንድ ሰው ነበር። በማግስቱ ከመነሻው መድረክ ወርዶ ገና ብዙ ሳይሄድ ከአንድ ዳኛ ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ወደቁ። ተነስቶ ቀጠለ፤ 36ኛ ወጣ። አውሮፓ ያን ቀን ሳቀበት። እኔ ግን ያ ልጅ አንድ ዳኛ ከመግጨቱ በፊት ስንት በር ተዘግቶበት እንደነበር ሳስብ አልስቅም።

በ2007 የደቡብ አፍሪካው ኮኒካ ሚኖልታ ቡድን ፕሮፌሽናል አደረገው። የዓለም ብስክሌት ማኅበር ደግሞ ስዊዘርላንድ ውስጥ ኤግል በምትባል ከተማ ወዳቋቋመው ማሠልጠኛ ወሰደው። ስለዚህ ቤት ጥቂት ልበል። በ2002 የተከፈተ ሲሆን ዓላማው ጠንካራ ፌዴሬሽንና ገንዘብ ከሌላቸው አገሮች የሚመጡ ወጣቶችን አምጥቶ በአውሮፓ ጎዳና ማስተማር ነው። ስዊዘርላንድ የራሷን ዝነኞች፣ በ1950 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈውን ፈርዲ ኩብለርን፣ በተከታዩ ዓመት ያሸነፈውን ሁጎ ኮብሌን ያፈራች አገር ናት። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ግን በሰው አገር ልጆች ማሠልጠኛነት ታወቀች። ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት፣ ከሱም በኋላ ቢንያም ግርማይ በዚሁ ቤት አልፈዋል። ፍሩምን እዚያ የያዘው ፈረንሳዊው አሠልጣኝ ሚሼል ቴዝ ነበር። በሎዛን በተደረገለት ምርመራ ክብደቱ 75.6 ኪሎ፣ ሰውነቱ በደቂቃ በአንድ ኪሎ የሚጠቀመው ከፍተኛ የኦክሲጅን መጠን 80.2 ሚሊሊትር ሆኖ ተመዘገበ። ይህ ቁጥር በዓለም ጥቂቶች ብቻ ያላቸው ነው። ያን ዓመት በጣሊያን ጂሮ ዴሌ ሬጆኒ ላይ አንድ ኤታፕ (የውድድሩን የአንድ ቀን ክፍል)፣ በጃፓን ዙሪያም ሌላ ኤታፕ አሸነፈ።

2008 ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ የደረሰበት ዓመት ነው። ባርሎወርልድ የሚባለው ቡድን አስፈረመው። በሜይ ወር የኬንያን የመወዳደሪያ ፈቃድ ትቶ የእንግሊዝን ያዘ። ቱር ደ ፍራንስ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት እናቱ በካንሰር ሞተች። በ23 ዓመቱ፣ ሐዘን ላይ ሆኖ፣ ከዚያ በፊት ቀምሶት የማያውቀውን የሦስት ሳምንት ውድድር ጀመረና ጨረሰ። ደረጃው ከ80ኛ በታች ነበር። የቡድን ጓደኛው ሞይሴስ ዱዌንያስ በውድድሩ መሃል ኢፒኦ በተባለው ዕፅ ተይዞ ሲባረር አይቷል። ከአልፕስ ተራሮች ሁሉ ዝነኛ የሆነውን አልፕ ዱዌዝንም ወጥቷል።

በዚያው ክረምት፣ ቱሩ ካለፈ በኋላ፣ አንድ የሲንጋፖር ፎቶግራፍ አንሺ ሁለት ኬንያውያን ይዞ ወደዚያው አልፕ ዱዌዝ መጣ። ኒኮላስ ሊዮንግ ይባላል። ከሁለቱ አንዱ ጫማ ጠራጊ፣ ሌላው በብስክሌት ሰው አመላላሽ ነበር። ሊዮንግ እንደ ኬንያውያን የሚሮጡ ሰዎች ብስክሌት ቢሰጣቸው ምን ይሆናሉ ብሎ ነው የመጣው። ፈጣኑ 42 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ፈጅቶ ወጣው። በዚያ ዳገት ለአንድ የጎዳና ሠራተኛ ይህ የሚያስደነግጥ ሰዓት ነው። አንድም የአውሮፓ ቡድን ኮንትራት ይዞ አልመጣም። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ሳያቸው የሚለያቸው ሳንባ ወይም እግር አይመስለኝም። ፍሩም እንግሊዛዊ አያትና አባት ነበረው፤ ፌዴሬሽን ሲያስመርረው የሚሄድበት ሌላ አገር ነበረው። ጫማ ጠራጊው ቪዛው ሲያልቅ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ባርሎወርልድ በ2009 ፈረሰ። ብሬልስፎርድ «ቲም ስካይ» የሚባል አዲስ የእንግሊዝ ቡድን ሲያቋቁም ሜልቦርን ላይ ያየውን ልጅ አስታውሶ ለ2010 ወሰደው። ጅምሩ አላማረም። በ2010ሩ የጣሊያን ዙሪያ፣ በጂሮ ዲታሊያ፣ በሞርቲሮሎ ዳገት ጉልበቱን ታሞ የፖሊስ ሞተር ይዞ ሲጎተት ታይቶ ከውድድሩ ተሰረዘ። አንድ ቀን ከተራራ ጋላቢዎች ጋር እኩል ይወጣል፣ በማግስቱ ከኋለኞቹ ጋር ይቀራል። ምክንያቱ በዓመቱ መጨረሻ ተገኘ፤ ቢልሃርዚያ ነበረበት። ይህን በሽታ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። በወንዝና በሐይቅ ውኃ ውስጥ የሚኖር፣ በቆዳ የሚገባ፣ ደም የሚበላ ትል ነው። ኦክሲጅን የሚሸከመው ቀይ የደም ሴል ለብስክሌተኛ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው የዚያን ጊዜ ውጣ ውረድ ግራ አያጋባውም። በርግጥ ይህን ማብራሪያ ያልተቀበሉ ብዙ ነበሩ፤ ወደዚያ እንመጣለን።

በ2011 ኮንትራቱ ሊያልቅ ነው፤ ቡድኑም ሊያሰናብተው እያሰበ ነበር። ወደ ስፔን ዙሪያ፣ ወደ ቡዌልታ አ ኤስፓኛ፣ የተወሰደው ለመሪው ለብራድሊ ዊጊንስ ረዳት ሆኖ ነው። የረዳት ሥራ ውኃ ማመላለስ፣ ነፋስ መጋረድ፣ መሪውን ዳገት ላይ እስከ መጨረሻው መሳብ ነው። ፍሩም ይህን እየሠራ ከመሪው በለጠ። በ17ኛው ኤታፕ በፔኛ ካባርጋ ዳገት ከስፔናዊው ኹዋን ሆሴ ኮቦ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተናንቆ አሸነፈ፤ አጠቃላይ ውጤቱን ግን በ13 ሰከንድ ብቻ ተበልጦ ሁለተኛ ወጣ። ለዊጊንስ ሲል በየዳገቱ ያጠፋው ጊዜ ከ13 ሰከንድ እጅግ ይበልጥ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ቱር ደ ፍራንስ ላይ ያው ነገር በግልጽ፣ በቴሌቪዥን ፊት ታየ። በ11ኛው ኤታፕ ወደ ላ ቱስዊር በሚወጣው ዳገት ላይ ፍሩም ፍጥነት ጨምሮ ዊጊንስን ጥሎት ወጣ። በጆሮ ማዳመጫው ትዕዛዝ መጣ። ፍጥነቱን ቀንሶ ጠበቀው። ዊጊንስ የመሪነቱን ቢጫ ማልያ ፓሪስ አደረሰ፤ የመጀመሪያው የእንግሊዝ የቱር አሸናፊ ተባለ። ፍሩም በ3 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ልዩነት ሁለተኛ ሆነ። ከቀናት በኋላ በለንደን ኦሊምፒክ በክሮኖሜትር ነሐስ አጠለቀ፤ ለእንግሊዝ።

ከዚያ 2013 መጣ። 100ኛው ቱር ደ ፍራንስ ነበር። ላንስ አርምስትሮንግ በዕፅ ምክንያት ሰባቱን የቱር ድሎቹን ተነጥቆ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ በቴሌቪዥን ኃጢአቱን ከተናዘዘ በኋላ የተደረገ የመጀመሪያው ቱር ስለሆነ ማንም አሸናፊ በጥርጣሬ ዓይን የሚታይበት ጊዜ ነው። ፍሩም ጁላይ 6 ቀን በፒሬኔ ተራሮች አክስ ትሮዋ ዶሜን ላይ አሸንፎ ቢጫውን ለበሰ፤ ከዚያ ወዲያ አላወለቀውም። የዚያ ውድድር ልብ ግን ጁላይ 14፣ በፈረንሳዮች ብሔራዊ በዓል ቀን የተደረገው 15ኛው ኤታፕ ነው። መንገዱ 242.5 ኪሎ ሜትር ነበር፤ መጨረሻው ሞን ቫንቱ። ይህ ተራራ ከፕሮቫንስ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ፣ ጫፉ ዛፍ የማያበቅል ነጭ ድንጋይ፣ ነፋሱ ሰው የሚገፋ ነው። በ1967 እንግሊዛዊው ቶም ሲምፕሰን ከጫፉ ብዙም ሳይርቅ ወድቆ ሞቶበታል።

ጫፉ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ፍሩም ከኮርቻው ሳይነሳ የፔዳሉን ዙር አበዛው። አልቤርቶ ኮንታዶር ከኋላው ነበር፤ ኮንታዶር ራሱ በዳገት ሰው የሚያስለቅስ ስፔናዊ ነው። ቀና ሲል ፍሩም የለም። እግሮቹ ሰው የሚያንቀሳቅሳቸው አይመስሉም፤ ክርኖቹ ወደ ውጭ ተለጥጠው፣ ዓይኑ ወደ ታች፣ መሪው ላይ ወዳለችው ትንሽ የኃይል መለኪያ ተተክሎ ይነዳል። አያምርም። ብስክሌት ላይ ቁመናቸው የሚያምር ሰዎች አሉ፤ ኮብሌ ከነሱ አንዱ ነበር ይባላል። ፍሩም ግን ኪንጃ ዘንድ የመጣ ዕለት የነበረውን የልጅ አነዳድ ይዞ ነው ዓለምን ያሸነፈው። ወጣቱን ኮሎምቢያዊ ናይሮ ኪንታናን ደረሰበት፤ አብረው ጥቂት ሄዱ፤ ጫፉ አካባቢ እሱንም ጥሎት በ29 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። ገብቶም ኦክሲጅን ተሰጠው።

ጁላይ 21 ቀን ምሽት ፓሪስ ላይ መብራት በርቶ ሽልማቱ ሲሰጥ በኪንታና ላይ የነበረው ብልጫ 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነበር። ንግግር ሲያደርግ ድሉን ለሟች እናቱ ሰጠ፤ የእሷ ማበረታታት ባይኖር ኖሮ ይህን ውድድር ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን ያይ እንደነበር ተናገረ። ባንዲራው የእንግሊዝ፣ መዝሙሩም የእንግሊዝ ነበር። ጋዜጠኞች ወደ ማይ አ ኢሂ ጎረፉ። ኪንጃ ተቀበላቸው፣ ቤቱን አሳየ፣ ታሪኩን ነገራቸው። ስለ ልጁ ሲያወራ ፊቱ ይበራል። ስለ ሌሎቹ ልጆቹ፣ እዚያው ግቢ ብስክሌት ስለሚጠግኑት ልጆች ሲጠይቁት ግን ያዘነ ሰው ነበር፤ ድጋፍ የሚሰጥ የለም ይላቸዋል።

የሚቀጥለውን ዓመት ቱር ወድቆ አቋረጠ። በ2015 ተመልሶ ኪንታናን በ1 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ በልጦ አሸነፈ። ያ ቱር ለሱ መራራ ነበር። በመንገድ ዳር የቆመ ተመልካች ሽንት በኩባያ ደፋበት። በዕፅ ነው የምታሸንፈው የሚሉ ድምፆች በየቀኑ ይከተሉት ነበር፤ እሱም ከውድድሩ በኋላ ራሱን ወደ ላቦራቶሪ ወስዶ ተመርምሮ ውጤቱን አወጣ። የኦክሲጅኑ መጠን 84.6 ሆነ። ለአፍሪካ ግን 2015 መልካም ዓመት ነው። ኤምቲኤን ኩቤካ በአፍሪካ የተመዘገበ የመጀመሪያው የቱር ደ ፍራንስ ቡድን ሆኖ ተሰለፈ፤ ዳንኤል ተክለሃይማኖትም ለተራራ ንጉሥ የሚሰጠውን ነጠብጣብ ማልያ ለቀናት ለበሰ።

በ2016 የኛው ጽጋቡ ግርማይ ለላምፕሬ ሜሪዳ ተሰልፎ ቱር ደ ፍራንስን የጀመረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ሞን ቫንቱም ተመልሶ መጣ። ነፋሱ ስለበረታ ፍጻሜው ከጫፉ ዝቅ ብሎ ሻሌ ሬናር ላይ ተደርጎ ነበር። ሕዝቡ መንገዱን ዘግቶት የቴሌቪዥን ሞተር ቆመ፤ ሪቺ ፖርት ገጨው፤ ፍሩምና ባውከ ሞለማ ላዩ ላይ ወደቁ። የፍሩም ብስክሌት ተሰበረ። ቢጫ ማልያ የለበሰው ሰው ብስክሌቱን ጥሎ በብስክሌት ጫማው ዳገቱን በሩጫ ተያያዘው። ናይሮቢ የተወለደ ሰው ሲሮጥ ዓለም ተገረመ። ዳኞች የጠፋበትን ሰዓት መለሱለት፤ ፓሪስ ላይ ፈረንሳዊውን ሮማን ባርዴን በ4 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ በለጠ። በ2017 አንድም ኤታፕ ሳያሸንፍ በ54 ሰከንድ ብልጫ አራተኛውን ወሰደ፤ በዚያው ክረምት ቡዌልታንም ጨመረ።

የቡዌልታው ድል ጠባሳ አለበት። ሴፕቴምበር 7 ከተሰጠው የሽንት ናሙና ውስጥ ሳልቡታሞል የሚባለው የአስም መድኃኒት ከተፈቀደው እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ዜናው ዲሴምበር ላይ ወጣ። ጉዳዩ ሳይፈታ እየተወዳደረ ቆየ፤ ጁላይ 2 ቀን 2018 የዓለም ብስክሌት ማኅበር ክሱን ዘጋ። በደንቡ መሠረት ነጻ ነው። እስከ ዛሬ የሚጠራጠሩት አሉ፤ ጥርጣሬውን ሳያነሱ የሱን ታሪክ መጻፍም ተገቢ አይመስለኝም።

በመሃሉ ግን የ2018ቱ ጂሮ ነበር። ሦስት ቀን ሲቀረው ፍሩም አራተኛ ነው፤ ከመሪው ሳይመን ዬትስ በ3 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ይርቃል። ሜይ 25 ቀን ኮሌ ዴሌ ፊኔስትሬ ወደሚባለው ተራራ ደረሱ። የዚህ ተራራ የላይኛው ክፍል አስፋልት የለውም፤ ጠጠርና አቧራ ነው። የሱ ቡድን ከሥሩ ጀምሮ ግሩፑን በጣጠሰው፤ ጠጠሩ ላይ ሲደርሱ ፍሩም ብቻውን ወጣ። መድረሻው ገና 80 ኪሎ ሜትር ይቀር ነበር። በዚህ ዘመን ብስክሌት እንዲህ ያለ ርቀት ብቻውን የሚሞክር የለም ተብሎ ይታመን ነበር። ቁልቁለቱን እንደ ዕብድ ወረደው፤ ባርዶኔኪያ ላይ በ3 ደቂቃ ቀድሞ ገባ። ዬትስ ተሰብሮ ቀረ። ፍሩም በቶም ዱሙላን ላይ የ46 ሰከንድ ብልጫ ይዞ ሮም ገባና ሦስቱን ታላላቅ ውድድሮች፣ ቱርን፣ ቡዌልታንና ጂሮን፣ በተከታታይ የያዘ ሰው ሆነ፤ ከሱ በፊት ይህን ያደረጉት ኤዲ ሜርክስና ቤርናር ኢኖ ብቻ ናቸው። ያን የጠጠር መንገድ ስመለከት በሊሙሩ ገደል አፈር ላይ ከኪንጃ ኋላ የሚንገታገተው ልጅ ይታየኛል።

ጁን 12 ቀን 2019 ሮዋን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ዶፊኔ የሚባለውን ውድድር የክሮኖሜትር መንገድ ሊያጠና ወጣ። ቁልቁለት ላይ፣ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር እየነዳ፣ አፍንጫውን ሊናፈጥ አንድ እጁን ሲለቅ ነፋስ መትቶ ከግንብ ጋር አላተመው። የቀኝ ጭኑ አጥንት፣ ክርኑና ጎድኖቹ ተሰበሩ። በማግስቱ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ በ2011 በ13 ሰከንድ የበለጠው ኮቦ በዕፅ መጠቀም ጥፋተኛ መባሉ ተሰማ። ከስምንት ዓመት በኋላ ያ ቡዌልታ ለፍሩም ተሰጠ፤ ሰባተኛው ታላቅ ድል ሆነ። እንግሊዞችም ታሪካቸውን አርመው ከዊጊንስ በፊት የመጀመሪያው የእንግሊዝ የታላቅ ውድድር ባለድል የናይሮቢው ልጅ ነው ብለው ጻፉ።

ከዚያ አደጋ ወዲያ የቀድሞው ፍሩም አልተመለሰም። በ2021 ወደ እስራኤል ቡድን ተዛወረ። በ2022 አልፕ ዱዌዝ ላይ ሦስተኛ ሲወጣ የብዙ ሰው እንባ መጣ። በኦገስት 2025 ልምምድ ላይ ክፉኛ ወድቆ ሳንባው፣ ጎድኑና ወገቡ ተጎድቶ በሄሊኮፕተር ቱሎን ሆስፒታል ገባ። በሴፕቴምበር የዓለም የጎዳና ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ሲካሄድ እሱ ያን ቁስል እያስታመመ ነበር።

ኬንያ ውስጥ ግን ሥራው አልቆመም። ሊዮንግ ኢቴን በምትባል የኬንያ ከተማ ያቋቋመው «ኬንያን ራይደርስ» በርካታ ልጆች አሠለጠነ። ከነሱ አንዱ ጆን ንጆሮጌ በ2014 ፊሊፒንስ ውስጥ ሲወዳደር ሞተ። ሱሌ ካንጋንጊ በዚያው አልፎ ለጀርመኑ ባይክ ኤይድ ተወዳደረ፤ በ2017 የሩዋንዳ ዙሪያ ሦስተኛ ወጣ። ቀጥሎ «አማኒ» የተባለውን የምሥራቅ አፍሪካውያን ቡድን መራ። ለታናናሾቹ የአውሮፓና የአሜሪካ በር እንዲከፈት በየመድረኩ ሲሟገት የኖረ ሰው ነው። ኦገስት 27 ቀን 2022 በአሜሪካ ቨርሞንት በጠጠር መንገድ ውድድር ላይ ወድቆ በ33 ዓመቱ አረፈ። ሚስትና ልጆች ነበሩት።

ኪንጃ በማይ አ ኢሂ አዳዲስ ልጆች መቀበሉን ቀጠለ። ከተማሪዎቹ አንዱ ቱር ደ ፍራንስን አራት ጊዜ አሸንፏል። በኬንያ ፈቃድ፣ በኬንያ ባንዲራ ቱር ደ ፍራንስን የጀመረ ብስክሌተኛ ግን እስካሁን አንድም የለም።